ኮቴ በጭጋግ

«ሁለቱም ጥሩ ናቸው» አለ መምህር በኃይሉ፣ ጫማው ላይ የተጋገረውን ጭቃ ከደጃፉ ድንጋይ ጋር እያፋቀ። «ደብረ ብርሃን ያለው የሳይንስ ካምፕ ነው። ዓለም ከተማ ደግሞ የሥዕልና የቴአትር። ሰርካለም ለሁለቱም ተመርጣለች፤ እናንተ የወደዳችሁትን ነገ ጠዋት ትነግሩኛላችሁ።»

ዓለም ከተማ ሲባል የሰርካለም እናት ጥሩሸዋ የበግ ጠጉር የምትፈትልበት እንዝርት እጇ ላይ ቀጥ አለ።

«መምህር፣ አንተ እያወቅህ!»

«አውቃለሁ እትዬ ጥሩሸዋ። አሁን ግን ድልድዩ ተሠርቶ አልቋል። መኪና ያለ ሐሳብ ነው የሚያልፈው።»

የሰርካለም ታላቅ ወንድም ማዕረግ ከዓለም ከተማው ካምፕ ሲመለስ ነበር ያ የሆነው። ወንዙ ሞልቶ መኪናው ዳር ላይ ቆመ። የቸኮሉት ወርደው በእግር ተሻገሩ። ማዕረግ ግን ማዶ አልደረሰም። አገር ምድሩ ወጥቶ ቢያስስም ሬሳው ሳይገኝ ቀረ፤ ፍትሐቱም ተዝካሩም ያለ መቃብር ሆነ።

ከዚያ ክረምት ወዲህ ጭጋግ መንደራቸውን ዘመሮን ሲሸፍን ሰርካለም ኮቴ ትሰማለች። ከታች ከመንገዱ ይነሳል፣ ድንጋያማውን አቀበት ቀስ እያለ ይወጣል፣ አጥሩ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። በሩ ሳይከፈት ተመልሶ ይወርዳል። እናቷም ትሰማለች፤ እጇ ሥራ ሲፈታ ያስታውቃል። አንድም ቀን ግን ተነጋግረውበት አያውቁም። ለጓደኞቿ ብትነግር ደግሞ «ሰርኬን ነካ አርጓታል» ይሏታል።

መምህሩ ሲሄድ ወደ አባቷ ዞረች። ቄስ መርስዔ ኃዘን እስካሁን አልተናገሩም።

«አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔ አልመርጥም» አሉ። ጋቢያቸውን አጣፍተው እንደ ልማዳቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ።

«የትም አትሄጂም» አለች እናቷ። «ክረምቱን እዚሁ ዳዊት ትደግሚያለሽ።»

ሰርካለም ልቧ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ያስፈራትም እሱ ነው። ማዕረግ ከካምፑ ደውሎላት ነበር። «ይመቻል ባክሽ! እዚህ ግድግዳ ሙሉ ነው የሚሣለው። አንቺም ትመጫለሽ» አላት። ያን ጊዜ በደስታ ዘልላ ነበር። አሁን ያ ቃል ትዝ ባላት ቁጥር የሞት ጥሪ ይመስላታል።

ወደ ማታ ገደማ ጭጋጉ ከገደሉ ወጥቶ ግቢውን ዋጠው። ኮቴውም መጣ። አቀበቱን ወጣ። በሩ ላይ ቆመ።

እናቷ አማተበች። ሰርካለም ተነሳች።

«ተቀመጪ! ሰርኬ፣ በእመቤቴ!»

ግቢውን አቋረጠች። ከበሩ ማዶ የሰው ትንፋሽ ይሰማል። «ማን ነው?» አለች። መወርወሪያውን ስባ ከፈተችው።

አባቷ ናቸው። ፊታቸውን ወደመጡበት መልሰው ጭጋጉን ያዳምጣሉ።

«አባባ?»

«እሽሽ። ከኋላዬ እየመጣ ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ይጠፋብኛል። ያን ጊዜ ልፈልገው ተመልሼ እወርዳለሁ።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ስትፈራው የኖረችው ኮቴ የአባቷ ነበር። ቢሆንም እሷም ጆሮዋን አቀናች። ከባሕር ዛፉ ላይ ከሚንጠባጠበው ውኃ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

«እሱ የፈለገው ደብረ ብርሃንን ነበር» አሉ አባቷ። «ትልቅ ከተማ ያባልገዋል ብዬ ዓለም ከተማ የላክሁት እኔ ነኝ። እንዳዘነብኝ ሞተ።»

«አላዘነብዎትም። ደውሎልኝ ነበር። ይመቻል ነው ያለኝ።»

«ምን አለ?»

«ወድጄዋለሁ ማለቱ ነው። ይስቅ ነበር፣ አባባ።»

ቄስ መርስዔ ኃዘን ትክ ብለው አዩዋት። «ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እኛ ቤት እኮ ስሙ አይነሳም።»

አባቷ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሰብስበው እንደቆሙ ትከሻቸው ተርገፈገፈ። ሰርካለም ዞር ስትል እናቷ ከኋላዋ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

ሌሊቱን ሦስቱም የተኙ አይመስልም። ጠዋት እናቷ ነጠላዋን እየለበሰች «የሚሄድ ሰው ካለ እስከ ድልድዩ እሸኛለሁ» አለች። «ልጄን የወሰደውን ውኃ ዓይኑን አይቼው አላውቅም።»

ትምህርት ቤት ሲደርሱ መምህር በኃይሉ ከቢሮው ወጣና እንደ ደንቡ ወደ አባትየው ዞረ። «እሺ አባ፣ የቱን መረጡላት?»

ቄስ መርስዔ ኃዘን ወደ ልጃቸው ዞረው ተመለከቷት። ሰርካለም አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች።

«ዓለም ከተማ» አለች። «የመረጥሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ አባባ አይደሉም። እንደዚያ ይያዝልኝ።»