አጋዘኑን ያረደው እጅ

«ሥጋውን በእጅህ ሰጥተኸኝ፣ ያን ቀን አልነበርኩም ትላለህ? ወንድሜን በረዶ ላይ ጥለኸው መጥተህ?» አለ ኢድሪስ።

«ጋሼ ኢድሪስ፣ ከናይት ሺፍት ገብቼ ተኝቼ ነበር» አለ ያደታ ለአራተኛ ጊዜ።

«ማን አየህ?»

ማንም አላየውም፤ ዋይትሆል የሚባለው ሰፈር ብቻውን ነው የሚኖረው። ነገ ፖሊሶች ቀጥረውታል። ኢድሪስ ይህንኑ ከነገራቸው ያደታን ማን ያምነዋል? ዊንተሩን ሁሉ ከኢድሪስ ወንድም ከመርዋን ጋር በቀስት ሲያድን የከረመው ያደታ ነው። መርዋን ደግሞ ከትናንት በስቲያ ዛፍ ላይ ከሠራው ማማ ወድቆ፣ በብርድ ደርቆ ተገኘ።

የሟቹ ሚስት ጀነት ወደ ቤቷ የጠራቻቸው ጋሼ ግርማቸው ከጫካው መመለሳቸው ነበር። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት መርማሪ ነበሩ፤ አሁን ኢስተን የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ።

«ሥጋው መቼ ደረሰሽ?» አሉ ጀነትን።

«ለአደን በወጣበት ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ። መርዋን ሌላ ልጠብቅ ብሎ ቀርቷል ብለው ጋሼ ኢድሪስ አመጡልኝ።»

«በላችሁ?»

«ከነልጆቼ።»

«አጋዘኑን ማን አረደው?»

«መርዋን ነዋ» አለ ኢድሪስ።

«ፖሊሶች የመለሱትን የመርዋንን ቢላዋ አየሁት። ጠብታ ደም አልነካውም።»

«እንግዲያ ያደታ ነው።»

«ያደታ ክርስቲያን ነው። አንተ በሠርግ ላይ ማንኪያው ከክርስቲያን ሥጋ ድስት ተነካክቷል ብለህ ራትህን ትተህ የወጣህ ሰው፣ እሱ ያረደውን ለወንድምህ ልጆች ታበላለህ?»

ኢድሪስ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ።

«በረዶው ላይ ደሙ ኩሬ ሠርቶ ረግቷል» አሉ ግርማቸው። «አጋዘኑ ነፍሱ ሳትወጣ ነው የታረደው። በፍላጻ የተመታ ብዙ አይቆይም፤ ስለዚህ ያረደው ሰው ከመርዋን ጋር ነበር። መርዋን ለማረድ ሲጣደፍ ከማማው ወደቀ። አንተ ግን ሳይታረድ ሞቶ በክት እንዳይሆን ወደ አጋዘኑ ሮጥክ።»

«ስመለስ መርዋን አይናገርም ነበር» አለ ኢድሪስ በዝግታ። «የአደን ላይሰንስ የለኝም። የመኖሪያ ወረቀቴ ኢንተርቪው በሚቀጥለው ወር ነው። ፖሊስ ኮል ባደርግ… የሞተ መሰለኝ።»

«አልሞተም ነበር። ወደ መንገዱ አሥራ አንድ እርምጃ ያህል በደረቱ ተስቧል።»

ጀነት ወደ ኢድሪስ ዞረች።

«ሥጋውን ስታመጣልኝ በሕይወት ነበር?»

ኢድሪስ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ግርማቸው ለፖሊስ ሊደውሉ ስልካቸውን አወጡ። ጀነት መልሱን እየጠበቀች ቆማ ነበር። ያደታ በሩ ሥር ጫማውን አጠለቀና ክሩን ሳያስር፣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።