የተገዘተው ሜዳ የገባችው ላም

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ወረታ ገበያ ላይ ያደገ ሰው የሚያምነው በእጁ የጨበጠውን ነው፣ ጋኔን አየሁ ያለኝን ሁሉ «የምን ጠላ ነበር የጠጣኸው?» እያልኩ ስስቅ ነው የኖርኩት፤ አሁን ሳቁ ወደ እኔ ዞሯል፣ ብቻ ስሙኝ።

የምሸጠው የአረም መድኃኒት ነው፣ መርጫም አከራያለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የወል ግጦሽ አሜኬላ ወረረው፣ እሾሁ የከብቱን አፍ እየወጋ ሣሩን አላስበላ አለ፣ ገበሬዎቹም መከሩና እኔ ዘንድ መጡ። ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጉ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አትርሱ፣ ውኃ ዳር አትርጩ፣ ጣሳው ላይ የተጻፈው የቀን ቁጥር ሳይሞላ ከብት ድርሽ እንዳይል ብዬ ነገርኳቸው። ሜዳው አጥር የለውም፤ ስለዚህ ተረጭቶ ሲያበቃ እንደ ልማዳቸው ቄሱን አባ ጥበቡን ጠርተው አስገዘቱት፣ ቀኑ ሳይሞላ ከብቱን ያስገባ ውጉዝ ይሁን ተባለ።

«አባ፣ ሰውስ ይፈራል፣ ላም ግዝት ታውቃለች እንዴ?» አልኳቸው።

«አንተስ ታውቃለህ?» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከገበሬዎቹ አንዱ፣ አያ ደሴ፣ እያለከለከ ሱቄ መጣ። ያለችው አንዲት ላም ናት፣ እሷም መውለጃዋ ደርሷል።

«ገመዷን በጥሳ ሜዳው ገባች! ከጋጠች ትሞትብኛለች?»

«እሱን ካወጣናት በኋላ ጠይቀኝ።»

«ግዝቱስ?»

«ግዝቱ ለሚያስገባ ነው አያ ደሴ፣ ለሚያወጣ አይደለም።»

ቦት ጫማና ጓንት ሰጥቼው ሄድን። አሜኬላው ቢጫ ሆኖ፣ ተጠማዝዞ ተኝቷል። ትንሽ እንደገባን ቋ… ቋ… የሚል ሰማሁ፣ የመርጫ እጀታ ድምፅ፣ ይህን ድምፅ እንኳን እኔ የሱቄ ድመት ታውቀዋለች። እመኑኝ፣ መርጫዎቹ ሁሉ ታጥበው ሱቄ ተሰቅለዋል።

ከፊታችን አንድ ሰው መርጫ አዝሎ ይሄዳል፣ ወደ ነፋሱ፣ ጭጋጉ ተመልሶ በላዩ ላይ እየረገፈ። ንዴት ቀደመኝ፣ «አንተ ሰውዬ! ነፋሱን በጀርባህ አድርግ!» ብዬ ጮህኩ።

ዞረ። ዞረ ስል ፊቱን አየሁ ማለቴ አይደለም፤ ዞሮም ያየነው ጀርባውን ነው፣ መርጫውም እንደታዘለ ነው። አያ ደሴ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ፣ «በስመ አብ» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቶበት እሷኑ ይደጋግማል። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ሰውየው የለም፣ እሱ በነበረበት ላሟ ቆማለች።

ቀረብን። አፏ ታስሯል። የታሰረችው ከአሜኬላ በተጎነጎነ ገመድ ነው፣ እሾሁ ወደ ውጭ፤ ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ ሲጠወልግ ይሄኛው ለምለም ነው፣ አበባም አለው። አንዲት ቅጠል አልጋጠችም ማለት ነው። በጓንቴ ስፈታው እጄ ውስጥ ጠቆረና ረገፈ።

አያ ደሴ እያለቀሰ እግዜርን አመሰገነ። እኔ አላመሰገንኩም፣ ማንን እንደማመሰግን ስላላወቅኩ።

ላሟ በደህና ወለደች፣ ሴት ጥጃ። አያ ደሴ ግን ጠርቶ አሳየኝ፤ በጥጃዋ አፍ ዙሪያ ፀጉር የለም፣ የገመድ ሰንበር ነው፣ አብሯት የተወለደ። አባ ጥበቡም አዩዋት፣ እንደ ልማዳቸው ይቀልዱብኛል ብዬ ስጠብቅ መስቀላቸውን አሳልመውን ሄዱ።

ግዝቱ ተፈትቶ ከብቱ ሁሉ ሲገባ ጥጃዋ ዳሩ ላይ ቀረች። ሲጎትቷት ወደ ኋላ ትሄዳለች።

ባለፈው ሳምንት አያ ደሴ «ውሰዳት፣ በፈለግኸው ዋጋ» አለኝ። እኔ ርካሽ ነገር አልፌ የማላውቅ ሰው፣ ሜዳው ዳር ቆሜ እምቢ አልኩ። ጥጃዋ እኔን አልፋ ከኋላዬ አንድ ነገር ታያለች። ነፋሱ ከፊቴ ነበር የሚነፍሰው። የመድኃኒቱ ሽታ ግን የመጣው ከጀርባዬ ነው።