የናበጋ ዳር መንታ ጀልባዎች

ማረው ጠዋት መረቡን ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ጀልባው ውስጥ ሰው የተኛ መሰለው። «ማነህ? ተነስ እንጂ» አለ። ቀርቦ ሲያይ በደረቱ የተደፋው ባየህ ነበር። ማጅራቱ ተፈንክቷል፤ ገላው ቀዝቅዟል። ማረው መረቡን ጥሎ እየጮኸ ወደ መንደር ሮጠ። ያ ጩኸቱ ራሱ ኋላ ጠላት ሆነበት፤ «ገድሎ ሲያበቃ ይጮሃል» አሉት።

ኢንስፔክተር ሰርክአዲስ ከወረታ ስትደርስ ዳርቻው በሰው ተሞልቷል። ሰርክአዲስ የፎገራ ልጅ ናት። ስትጠይቅ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ሰው ሲመልስላት ደግሞ የምታየው እጁን ነው። ግማሹ ሰው የማረውን ጀልባ እናቃጥል ይላል። ግማሹ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ባየህን የወሰደው ሐይቁ ነው ይላሉ።

እንዲህ የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። የዛሬ ሁለት ክረምት የባየህ ልጅ በላይነህ የጀልበኛው የቢተው ጀልባ ተገልብጦ እዚሁ ፊት ለፊት ሞቷል። ጀልባውን ከጭቃው በሰንሰለት ጎትተው ያወጡት የባየህ በሬዎች ናቸው፤ የነዳቸውም አባትየው ራሱ ነው። የልጁ ሬሳ ከሥሩ ነበር። ያ ጀልባ ዳግም ሰው እንዳይጭን፣ እንዲቃጠል፣ ቄሶቹ ገዘቱ። ቢተው በመስቀል ምሎ አቃጠለው፤ ጭሱን መንደሩ ሁሉ አየው። ከዚያ ሌላ ጀልባ ከጎርጎራ በኩል አስመጣሁ ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

የበላይነህ እናት ታይቱ ግን፣ ፀሐይ ባዘቀዘቀች ቁጥር ከሐይቁ ኳ፣ ኳ የሚል ትሰማለች። «የልጄ ጀልባ ነው» ትላለች። ሰው ለክፏታል ብሎ ደመደመ። ልጅዋ ውዳሴ ከባሏ ከአንዷለምና ከልጆቿ ጋር ከሐሙሲት የመጣችው ለዚሁ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ደሴቱ ገዳም ተሻግሮ ልጆቹ ሐይቁን ሊያዩ፣ ታይቱም ጸበል ልትጠመቅ።

ታዲያ በየትኛው ጀልባ? በናበጋ ዳር ሰው የሚጭኑት ሁለት ናቸው፤ የማረውና የቢተው። ሁለቱም የዋንዛ እንጨት፣ ሁለቱም ሰማያዊ፣ ቁመታቸውም አንድ፤ ከአንድ ሆድ የወጡ ይመስላሉ። ጎን ለጎን ከየጉቷቸው ታስረው ሲያድሩ ባለቤቶቹም አንዳንዴ ይሳሳታሉ። ልጆቹ የቢተው ይሁን አሉ፣ ሸራ ጥላ አለውና። ውዳሴ የማረው ሞተር አይንተፋተፍም አለች። አንዷለም ከልጆቹ ጋር ወገነ። በመጨረሻ ባየህ «እኔው ሄጄ አወዳድሬ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። አልተመለሰም።

ሰርክአዲስ መጀመሪያ ሬሳው ዘንድ ብዙ ቆየች። የባየህ ነጠላ በትከሻው ላይ በደንብ ተጣጥፎ ተደርቧል፤ ጥለቱ አንገቱ ዙሪያ ነው። በቀኝ እጁ ጥፍሮች ሥር ሰማያዊ ቀለም አለ። የጀልባውን ወለል አየች። ከራሱ ሥር ትንሽ ደም ብቻ ነበር። ማጅራቱ እንዲያ ለተፈነከተ ሰው አነሰባት።

ከዚያ ውዳሴን ለብቻዋ አስቀመጠቻት።

«ሲወጣ ነጠላውን ማን አለበሰው?»

«እኔ። ‹ለጀልባ ነው ለሠርግ የምታስጌጪኝ?› ብሎ ቀለደብኝ።»

«ጥለቱ ወዴት ነበር?»

ውዳሴ ግራ ገባት። «ወደ ታች ነዋ። ማን ሞቶ ይዘቀዘቃል?»

አንዷለም ከአማቹ ጋር መጨቃጨቁን አልደበቀም። አማቹ «አንተ የምታየው ሸራውን ነው፣ ከሥር ያለውን እንጨት እይ» ብሎ ስላሳፈረው አኩርፎ እህቱ ዘንድ ወረታ ሄዶ አድሯል። እህቱ ተጠየቀች፤ እውነቱን ነበር።

ማረው ጀልባውን በእጁ እያሳየ ተናገረ። «ጋሼ ባየህ እኔ ጋ ሲመጡ ገና ፀሐይ ነበር። ወለሉን ረገጡ፣ ሞተሩን አስነሱኝ። ‹ያንተስ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ የልጅ ልጆቼ ሳይበሉ ይጠግባሉ› አሉኝ። ስቀን ተለያየን። እሳቸው ወደ ቢተው ጀልባ ተሻገሩ፣ እኔ ወደ ቤቴ።» ቤት መግባቱን ከአሮጊት እናቱ በቀር የሚመሰክርለት የለም።

ቢተው ጃኬቱን አጥልቆ፣ ረጋ ብሎ መለሰ። «ደስ ብሎት ነው የሄደው። ‹ሁለቱን አየሁ፣ ያንተው ይሻላል› ብሎ መረቀኝ። ለማረው ልንገረው ብሎ ወረደ። ማረው ደግሞ ቁጡ ልጅ ነው፣ ማን ያውቃል።»

«እየሳቀ ነው የተለያችሁት?»

«እየሳቀ።»

ሰርክአዲስ የቢተውን ጀልባ በመዳፍዋ እየዳሰሰች ዞረች። ቀለሙ ሁሉ ደረቅ ነው። ከፊት ጫፉ፣ አፍንጫው ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ተጣበቀ። ጣቷን በደንገል ቅጠል ጠረገች።

ታይቱ ከለቀስተኛው ተነጥላ፣ ፊቷን ወደ ውኃው አድርጋ ተቀምጣለች። ሰርክአዲስ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«አንቺም ለክፏታል ልትዪ ነው የመጣሽ፣ ልጄ?»

«ድምፁን ሊነግሩኝ ነው የመጣሁ።»

ታይቱ ፊቷን ከውኃው መልሳ አየቻት። ከዚያ ነገረቻት። በሬዎቹ በጎተቱ ቀን ሰንሰለቱ የጀልባውን አፍንጫ ነክሶ ሰንጥቆታል፤ ከጭቃው ወጥቶ ድንጋይ ሲመታ እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ያንን ድምፅ እናት አትረሳውም። ማታ ማታ የሚመጣው ያው ነው። ባየህ ሲቆጣት ከረመ። ትናንት ግን ከቤት ሲወጣ ቀስ ብሎ ጠራት።

«‹በእጄ ዳስሼ እመጣለሁ› አለኝ። ‹ጠባሳው ከሌለ ጸበል ትገቢያለሽ፤ ካለ ግን እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።› እኔ እስከ ጠዋት በር ላይ ተቀምጬ ስጠብቀው ነበር።»

ሰርክአዲስ ሁሉንም ከጉቶዎቹ አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ሰበሰበቻቸው። ቄሱም መጡ። ማረው እጁ ታስሮ በሁለት ፖሊስ መሐል ቆመ።

«ባየህ እዚህ የመጣው ለደስታ ጉዞ ጀልባ ሊመርጥ ነው» አለች። «ከቤቱ ጥለቱን ወደ ታች አድርጎ ወጣ። ሞቶ የተገኘው ግን ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እንደ ለቀስተኛ ነው። ነፋስ እንዲያ አያጣጥፍም። ገዳይም ለሟች ሐዘን አያለብስም። ስለዚህ ባየህ ከመሞቱ በፊት ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ ለቅሶ ተቀምጧል። ለማን? በመንደሩ የሞተ የለም።»

ውዳሴ አፏን በመዳፍዋ ያዘች።

«ከማረው ጋር ስቆ ተለያየ። የማረው ቀለም አሮጌ ነው፣ ሲነካ እንደ አቧራ ይራገፋል፤ ጥፍር ውስጥ አይቀረቀርም። ደሙም እዚያ ጀልባ ውስጥ አልፈሰሰም፤ ሬሳው ከጎኑ ካለው ተሻግሮ መጥቷል። አቶ ቢተው፣ እርስዎ እየሳቀ ሄደ ብለውኛል። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚስቅ?»

«መሽቶ ነበር፣ ነጠላውን ልብ አላልኩም።»

«እሱን አምናለሁ። ልብ ብለውት ቢሆን ያስተካክሉት ነበር። ያስተካከሉት ግን ሌላ ነገር ነው።» ወደ ፖሊሶቹ ዞረች። «አፍንጫውን ፋቁት።»

ትኩሱ ቀለም በቢላዋ ሲነሳ መጀመሪያ የጥፍር ጭረት ታየ። ከሥሩ፣ በእንጨቱ ውስጥ፣ የሰንሰለት ቀለበቶች የነከሱት ጠባሳ ከነስንጥቁ ወጣ። ሽማግሎቹ ተጠጉ። በሬዎቹ የጎተቱ ዕለት የነበሩ ናቸው፤ ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም።

ሰርክአዲስ ግን አላበቃችም። የማረውን ጀልባ ገፍታችሁ፣ ማታ ማታ ነፋሱ እንደሚያደርገው፣ ከጉቶው አጋጩት አለች። ዷ አለ፣ እንደ ማንኛውም እንጨት። ከዚያ የቢተውን ገፉት።

ኳ።

ሰው ሁሉ አማተበ። ሲያሽሟጥጡ የከረሙት ሴቶች ወደ ታይቱ ማየት ፈሩ። ታይቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ቢተው ቄሱን አየ፤ የያዙትን መስቀል አየ፤ ተንበረከከ።

«ዋንዛ ነው፣ አባቴ» አለ። «ደህና ዋንዛ ማቃጠል አልሆነልኝም። ያቃጠልኩት አሮጌ ታንኳ ነው፤ ይኸን ሰማያዊ ቀብቼ መለስኩት። ባየህ ቢሰድበኝ፣ ቢማታኝ ይሻለኝ ነበር። ቀለሙን ፍቆ ፍቆ ጣቱን ጠባሳው ውስጥ አገባ። ከዚያ ነጠላውን አዘቀዘቀና ተቀመጠ። ልጁን በስሙ እየጠራ ያለቅሳል። ዝም በል ብለው አይሰማኝም። ‹ታይቱን ላምጣት፣ እሷም እዚህ ታልቅስ› ብሎ ሲነሳ በመቅዘፊያው መታሁት።»

ማረውን ፈቱት። የታሰረበትን እያሻሸ ወደ ጀልባው ሄዶ ወለሉን በውኃ ማጠብ ጀመረ፤ የሚያግዘው ግን ያፈረ ሰው አልጠፋም። ጀልባውን እናቃጥል ሲሉ የነበሩት ናቸው።

ሰርክአዲስ የቢተው ጀልባ ለማስረጃ ወደ ደረቁ ይውጣ አለች። የሚያወጣው ጉልበት ከባየህ በሬዎች በቀር አልነበረም። አንዷለም ነዳቸው። ሰንሰለቱ በድሮው ጠባሳ ላይ ገብቶ ልክ ተቀመጠ።

ታይቱ ቆማ አየች። ጀልባው ሣሩ ላይ ሲያርፍ ማረውን ጠራችው።

«ከአርባው በኋላ ታሻግረናለህ።»

«እሺ፣ እትየ። ጸበሉ ዘንድ?»

«ለጸበል አይዶል። ልጆቹ ሐይቁን ይዩ ብዬ ነው።»

ባየህን ቀበሩት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታይቱ እንደ ልማዷ በር ላይ ተቀመጠች። ውዳሴ ከኋላዋ መጥታ ትከሻዋን ያዘቻት። ነፋሱ ነበረ፣ ማዕበሉም ነበረ፤ ከሐይቁ ግን ምንም ድምፅ አልመጣም። ታይቱ አንገቷን አስግጋ ብዙ ጠበቀች።

«አይሰማም» አለች።

ሁለት ክረምት ማታ ማታ ሲያንኳኳላት የከረመው በላይነህ ገና ያኔ ሞተባት።