ስምንት ስንጥቅ ያለው ቀለበት

ጋሽ ኢተፋ ሐሙስ ከሰዓት ከቡልቡላ ወጣ ብሎ ባለው ደረቅ የጎርፍ ቦይ ውስጥ፣ ጭንቅላታቸው ድንጋይ ላይ አርፎ ሞተው ተገኙ። ብረት መፈለጊያ መሣሪያቸው አጠገባቸው ወድቋል፤ መዳፋቸው ውስጥ ቀለበት አለ። አብሯቸው ሲቆፍር የኖረው ጫምሳ በዚያው ቀን ታሰረ። በወርቅ ተጣልተው ነው ተባለ።

ኢንስፔክተር ዱሬቲ ከአዳማ እንደመጣች የሟቹን ቤት አስከፈተች። አልጋው ለሁለት ሰው ተነጥፏል። በአንደኛው ትራስ ላይ ሰባት የዛጉ ቀጫጭን ሽቦዎች ተደርድረዋል። እሷም ብቻዋን የምታድር ናትና ያን ትራስ ደጋግማ ማየት አልፈለገችም።

«ባለቤታቸውን የሺዓለምን የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ጃንጥላዋን እንደያዘች ጎርፍ ወሰዳት» አለቻት ባለሱቋ ዙለይካ። «አስከሬኗም አልተገኘ። ሐሙስ ጠዋት ደውለው ‹ቀለበቷን አገኘሁት!› አሉኝ። አላስችል ብሎኝ አወራሁት።»

«ለማን?»

«ሱቅ ውስጥ ለነበሩት፤ ለጫምሳና ለወርቅ ሠሪው ለራህመቶ።»

ራህመቶ «ከቅዳሜ ወዲህ ዓይናቸውን አላየሁም» ብሎ ማለ። ጫምሳ በእስር ቤት አለቀሰ። «ደስታቸውን ለብቻቸው ይጨርሱት ብዬ ቤቴ ገባሁ። ምነው በሄድኩ!»

በማግስቱ ዱሬቲ ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰብስባ ቀለበቱን ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

«የጣት ቀለበት አይደለም። ዙሪያውን ስምንት ስንጥቅ አለው፤ የጃንጥላ ሽቦዎች የሚታሰሩበት ናስ ነው። ጫምሳ ሰባቱን ሽቦ አብሮ ቆፍሮ አውጥቷል፤ ቀለበት ሲባል ምን እንደሆነ ያውቃል። ለወርቅ ብሎ የሚሄድ የማያውቅ ሰው ነው።»

ገለበጠችው። አረንጓዴው ዝገት መሀል አንድ ቦታ ቢጫ ሆኖ ያበራል።

«ይህ ትኩስ የሞረድ ምልክት ነው። ጋሽ ኢተፋ የሚስታቸውን ዕቃ አይሞርዱም። ወርቅ መሆኑን ሞርዶ የሚያይ ወርቅ ሠሪ ነው። ግን ሐሙስ የተገኘን ቀለበት፣ ከቅዳሜ ወዲህ አላየኋቸውም ያለው ሰው የት አግኝቶ ሞረደው?»

ራህመቶ ከባንኮኒው ወደ ኋላ ሸሸ።

«ወርቅ መስሎኝ ነው! ትንሽ ብሞርደው ‹አቆሰልካት!› ብለው አነቁኝ። ገፋሁ... ሲወድቁ ቀለበቱን መዳፋቸው ውስጥ መለስኩላቸው።»

«ምነው ምላሴን በቆረጠው!» አለች ዙለይካ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ጫምሳ ካቴናው ሲፈታለት አንጓውን እያሸ ቆመ።

«ኢንስፔክተር፣ መፈለጊያ መሣሪያውን ስትጨርሱበት ለእኔ ስጡኝ።»

«ምን ታደርግበታለህ?»

«ትራሱ ላይ ያሉት ሰባት ናቸው» አላት። «አንድ ይቀራል።»