አባባ ደረጃው ላይ እንዳይጠፉ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ይህን ታሪክ ቀስ ብለን ነው የምናነበው፤ ደረጃ አለበትና።

ናርዶስ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእናቷና ከአያቷ ጋር ትኖራለች።

አያቷን «አባባ» ትላቸዋለች። የአባባ ዓይኖች አያዩም። ድሮ ያዩ ነበር፤ አሁን ግን አያዩም።

ቢሆንም አባባ በየቀኑ ብቻቸውን ይወርዱ ነበር። ከዛፉ ስር ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ ይቆያሉ፤ ከዚያ ደረጃውን በእግራቸው እየቆጠሩ ይመለሳሉ።

አንድ ቀን አባባ በር ከፍተው ገቡ። ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ናርዶስዬ፣ እስቲ ውሃ አምጪልኝ» አሉ።

ውሃው መጣ። «ይጠጡ፣ ጋሼ» የሚል ድምፅም መጣ። የናርዶስ ድምፅ አይደለም።

የእትዬ ዘውዴ ድምፅ ነው። አባባ የገቡት ሁለተኛ ፎቅ፣ የሰው ቤት ነበር።

እትዬ ዘውዴ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። አባባን እጃቸውን ይዘው ቤታቸው አደረሷቸው። አባባ ግን በጣም አፈሩ።

«ከእንግዲህ አልወጣም» አሉ። በማግሥቱ አልወጡም። ከዚያ በኋላም አልወጡም። ጓደኞቻቸው ከታች ይጣራሉ፤ አባባ ከወንበራቸው አይነሱም።

ናርዶስ አባባ እንደዚህ ቤት ሲቀመጡ አይታ አታውቅም።

ጓደኛዋን ሀናንን ጠራቻት። «አባባ ቤታቸው እንዳይጠፋባቸው አንድ ነገር እንሥራ» አለቻት።

ሁለቱ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው አሰቡ፣ አሰቡ።

«የሚናገር ከዘራ እንሥራ» አለች ሀናን። «‹ቤትዎ እዚህ ጋ ነው› የሚል።»

«ከዘራ እንዴት አድርጎ ይናገራል?» አለች ናርዶስ። ሀናን ራሷን አከከች።

ይሄ አልሆነም። እስቲ ሌላ እናስብ።

ናርዶስ ረጅም ገመድ አመጣች። ከታች ጀምራ እስከ ቤታቸው በር ድረስ ዘረጋችው። አባባ ገመዱን ይዘው ቢወጡ ቤታቸው ይደርሳሉ።

ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ገመድ ባዶውን ውሎ አያውቅም። ካልሲ ተሰጣበት። አንሶላ ተሰጣበት። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሱሪም ተሰጣበት። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

ይሄም አልሆነም። እስቲ ሌላ እናስብ።

ሀናን ባዶ ጣሳዎች ሰበሰበች። የናርዶስ ቤት በር ላይ አንጠለጠሏቸው። ጣሳዎቹ ሲንኳኩ አባባ ቤታቸውን ያውቁታል።

ነፋስ መጣ። ቋ! ቋ! ቋቋቋ! የጎረቤት ሕፃን ከእንቅልፉ ባነነና አለቀሰ።

እናቱ ብቅ አለች። «ልጆች፣ እባካችሁ፤ አሁን ገና ነው ያስተኛሁት» አለች። ጣሳዎቹ ወረዱ።

ይሄም አልሆነም። እስቲ ሌላ እናስብ።

ሌላ ግን አልመጣም። ናርዶስ ቤት ገብታ አባባ አጠገብ ተቀመጠች። አለቀሰች።

«ምን ሆነሽ፣ የኔ ልጅ?» አሉ አባባ።

«እርስዎ እንዲወጡ ፈልጌ ነበር። የሠራሁት ሁሉ እምቢ አለኝ።»

አባባ ራሷን ዳሰሷት።

ናርዶስ ዕንባዋን ጠረገች። ከዚያ እስካሁን ማንም ያልጠየቃቸውን ጠየቀች። «አባባ፣ ግን ለምንድን ነው ቤቱ የሚጠፋብዎት?»

«እግሬ ደረጃውን ይቆጥራል» አሉ አባባ። «መሃል ላይ ግን ሰው ያገኘኛል። ‹ደህና ዋሉ?› ይለኛል። እኔም ‹እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጆች ደህና? ቤት ደህና?› እላለሁ። ስጨርስ ቁጥሩ ጠፍቷል።»

«ታዲያ ሰላምታውን ይተዉታ።»

«ሰው ሰላም ሳልል ልለፍ?» አሉ አባባ። «እሱስ አይሆንም። እዚሁ ብቀመጥ ይሻለኛል።»

ናርዶስ አሰበች። «ሰላም ሲሉ እጅዎ የት ነው?»

«አንዱ ሰው ይጨብጣል። ሌላው የደረጃውን ብረት እንደያዘ ነው።»

ናርዶስ ብድግ አለች። ሲባጎ ይዛ ወጣች፤ ሀናንንም ጠራቻት።

አንደኛ ፎቅ ሲደርሱ፣ ብረቱ ላይ አንድ ቋጠሮ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለት ቋጠሮ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሦስት ቋጠሮ። ሀናን ጫፉን ያዘች፣ ናርዶስ ጥብቅ፣ ጥብቅ፣ ጥብቅ አደረገችው።

በማግሥቱ ናርዶስ የቋጠሮዎቹን ነገር ለአባባ ነገረቻቸው። አባባ ከዘራቸውን አነሱ። «ነይ እስቲ፣ አብረን እንውረድ» አሏት።

ከዛፉ ስር ጓደኞቻቸው ተነሱላቸው። «ወርቅነህ፣ ምነው ጠፋህ?» አሏቸው። አባባ መሃላቸው ተቀመጡ። ጨዋታው አላልቅ አለ።

መሸ። አባባና ናርዶስ ወደ ቤት ሊመለሱ ደረጃው ጋ ሲደርሱ፣ መብራት ድርግም አለ።

ጨለማ ሆነ። ናርዶስ ቆመች። «አባባ፣ ምንም አይታየኝም። ፈራሁ» አለች።

አባባ እጃቸውን ዘረጉላት። «እኔን ያዢኝ» አሉ። «ቀስ እያልሽ ነይ።»

ወጡ፣ ወጡ። አባባ ብረቱን ዳሰሱ። አንድ ቋጠሮ።

ወጡ፣ ወጡ። በጨለማው ውስጥ እትዬ ዘውዴ አገኟቸው። «ደህና አመሹ፣ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆች ደህና? ቤት ደህና?» ሰላምታው ረዘመ፣ ረዘመ። ናርዶስ የአባባን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

አባባ ብረቱን ዳሰሱ። ሁለት ቋጠሮ። «ገና ነን» አሉ።

ወጡ፣ ወጡ። ሦስት ቋጠሮ። «ደረስን» አሉ አባባ፤ በሩንም ከፈቱ።

እማዬ ሻማ ይዛ ቆማለች። «ናርዶስዬ፣ በዚህ ጨለማ ማን አመጣሽ?» አለቻት።

«አባባ ናቸው ያመጡኝ» አለች ናርዶስ።