ትናንት ወድቃለች

«ሚጣ፣ ውድድሩ ዛሬ ነው ወይስ ነገ?» ስትል ጥይቷ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች።

ሚጣ ማንኪያዋን አስቀምጣ አባቷን አየችው። እሱ ግን ሳህኑ ውስጥ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል አቀርቅሮ ይበላል። «ነገ» አለች በመጨረሻ። «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት።» ጥይቷ ገና አሁን እንደሰማችው ሁሉ «እሺ» ብላ ፈገግ አለች።

ጥይቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሚጣ አባት በሚመራው የሴቶች ብስክሌት ቡድን ውስጥ የሚስተካከላት የለም፤ ቅጽል ስሟም የወጣላት በፍጥነቷ ነው። ቤተሰቧ ሩቅ ስለሆነ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሚጣ ጋር አንድ ክፍል ትጋራለች። ሚጣም ቅር ብሏት አያውቅም። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት ዛሬም «ሚጣ» እየተባለች በምትጠራበት ቤት፣ እንደ ትልቅ ሰው ቁም ነገር የምታወራት ጥይቷ ብቻ ነበረች።

የዚያን ቀን ጠዋት ልምምድ ላይ፣ ከነዳጅ ማደያው አጠገብ ካለው ኩርባ ላይ የፈሰሰ ዘይት የጥይቷን ጎማ አንሸራተተው። ጭንቅላቷ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ሄልሜቷ ተሰነጠቀ። በመኪና ከኋላ ይከተላት የነበረው የሚጣ አባት ወርዶ አነሳት፤ ውሃ አጠጣት፤ አዲስ ሄልሜት አደረገላትና የተሰነጠቀውን ወንበር ሥር ወረወረው። ሚጣ ሄልሜቱን ያገኘችው ባዶ የውሃ ጠርሙሶቹን ከመኪናው ልታወርድ ስትገባ ነው።

ከምሳ በኋላ ሄልሜቱን ይዛ ጋራዥ ገባች። አባቷ አንድ ብስክሌት ገልብጦ ሰንሰለቱን ዘይት እየቀባ ነበር። ለምን ሐኪም ቤት እንዳልወሰዳት ጠየቀችው። ትንሽ ግጭት ናት፣ አታካብጂ አላት። አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች ብትለው፣ ውድድር ሲቃረብ ሁሉም ይደናበራል አለ። ቀጥሎ ያንኑ ታሪኩን ጀመረ።

ታሪኩን ሚጣ እንደ ስሟ ታውቀዋለች። አባቷ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንጀራው ብስክሌት ሆኖ ሲኖር አንድም ትልቅ ውድድር አላሸነፈም። ሥራው ከፊት እየነዳ ለቡድኑ ኮከቦች ንፋስ መከላከልና ውሃ ማቀበል ነበር። ስም ያወጣው በአንድ አደጋ ነው። ለብዙ ቀናት በሚቆይ አንድ ውድድር ላይ ተራራ ሲወርድ ወደቀ፤ ትከሻው ተሰበረ፤ ግንባሩ ተፈነከተ። እሱ ግን የቀሩትን ሦስት ቀናት በአንድ እጁ ነድቶ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ «ብረቱ» ተባለ። መወዳደር ሲያቆም ቡድን እንዲመራ የተጠራውም በዚያ ስም ነው። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። ሚጣም በልጅነቷ ትምህርት ቤት ወስዳ ያላሳየችው ሰው አልነበረም።

«ያን ቀን ባቆም ኖሮ ዛሬ ማን ያውቀኝ ነበር?» አላት። «ነገ ስፖንሰሩ ሊያያት ይመጣል። እሷ ካልተወዳደረች የሚቀጥለው ዓመት ቡድን የሚባል ነገር የለም። ገባሽ?»

ገብቷታል። ደሟን ያፈላውም መግባቱ ነው። ሄልሜቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በሩን ከኋላዋ ወርውራ ወጣች።

እናቷ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች ነበር። ወጥ ቤቱን ከጋራዡ የሚለየው ስስ ግድግዳ ስለሆነ አንድም ቃል አላመለጣትም። ውሃውን ዘጋችና፣ አባትሽ ያን ውድድር እንደጨረሰ ስልክ ደውሎልኝ ነበር አለቻት።

«ድምፁን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቂኝ። እሱ ግን ‹ማን ልበል?› አለኝ። ራሱ ደውሎ።»

ይህን ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ ቤት ውስጥ እንደ ቀልድ ነበር የሚያወሩት። አሁን ግን እናቷ አልሳቀችም። እነዚያን ሦስት ቀናት ጭራሽ አያስታውሳቸውም፤ የሚተርክልሽ ሌሎች የነገሩትን ነው አለች። ከዚያ በኋላ ለስድስት ወር ብርሃን እያመመው መጋረጃ ዘግቶ ነበር የሚውለው። ሚጣ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ ብላ ጮኸችባት። እናቷ እጇን በፎጣ እያደረቀች «ለመድኩታ» አለች። ሚጣን ከሁሉም በላይ ያናደዳት ይህቺ ቃል ናት።

አመሻሹ ላይ ክፍላቸው ስትገባ ጥይቷ መጋረጃውን ዘግታ ተኝታለች። የሚጣን ኮቴ ስትሰማ በክንዷ ዓይኗን እንደሸፈነች፣ ጋሼ የሚያደርገውን ያውቃል፣ አንቺ ብቻ ዝም በይ አለቻት። ይህ ውድድር ካመለጣት ወደ አክስቷ ሱቅ ተመልሳ ሳሙና ስትሸጥ መኖሯ ነው። «በናትሽ ቃል ግቢልኝ» አለች። ሚጣ «እሺ» አለቻት። ስላመነችበት አልነበረም፤ እንዲያ ተኝታ ስታያት እምቢ ለማለት አንጀቷ አልችል ስላላት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ተወዳዳሪዎቹ ከመነሻው መስመር አጠገብ ወደተተከለው ድንኳን እየገቡ ይመዘገቡ ነበር። የውድድሩ ሐኪም አጭር፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሁሉንም አንድ ዓይነት ነገር ትጠይቃለች። ተራው የጥይቷ ሲሆን፣ በዚህ ሳምንት ወድቃ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀች።

«አልወደቀችም» አለ የሚጣ አባት።

ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ሚጣ ከኋላው የተወዳዳሪዎቹን ጃኬት ታቅፋ ቆማ ነበር። ቃሉ ከአፉ የወጣበት ቅለት ጆሮዋን አቃጠላት።

«ትናንት ወድቃለች» አለች።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጥይቷን የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ እንድትቆጥር አዘዘቻት፤ ጥይቷ ከሐሙስ ማለፍ አቃታት። በአንድ እግሯ እንድትቆም ስታዛት ተንገዳግዳ ጠረጴዛውን ያዘች። ሐኪሟ ስሟን ከዝርዝሩ ሰረዘችው። ጥይቷ፣ ሚጣ ፊቷ ላይ የተፋችባት ያህል አየቻት። «አንቺን ነበር ያመንኩት» አለች።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። አንድ የቡድን መሪ የተጎዳ ተወዳዳሪ እያወቀ ከደበቀ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ሐኪሟ ወደ ሚጣ ዞራ፣ አባትሽ መውደቋን ያውቅ ነበር ወይ ስትል ጠየቀቻት።

አባቷ ወደ እሷ ዞረ። አንድ «አላወቀም» ብትል ይተርፋል። ለእሱ መዋሸት አልፈለገችም፤ እሱ ሊናገረው የሚገባውንም መናገር አልፈለገችም። ጃኬቶቹን ወንበር ላይ አስቀመጠች።

«አባቴ እዚሁ አለ። እሱን ይጠይቁት» አለች።

ውጭ የድምፅ ማጉያው የቡድኖችን ስም ይጠራል። አባቷ ጠረጴዛውን ተደግፋ የቆመችውን ጥይቷን አያት።

«አውቅ ነበር» አለ።

የመኪናውን ቁልፍ ለቡድኑ መካኒክ አስረከበ። የቀሩት አራት ተወዳዳሪዎች ያለ እሱ ተነሱ። ስፖንሰሩም ብዙ ሳይቆይ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አባቷ መንገዱ ዳር ከተዘረጋው ገመድ ወዲህ ከተመልካቾች ጋር እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ቆመ። ሚጣ ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። ንዴቷ አልበረደላትም። ይቁም፣ ትንሽ ይቁም ስትል በሆዷ ወሰነች።

ጥይቷ ቡድኑ በመጣበት ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ጃኬት ተከናንባ ተኝታለች። ሚጣ በሩን ስትከፍት፣ ሂጂልኝ፣ ፊትሽን ማየት አልፈልግም አለቻት።

«ስደቢኝ» አለች ሚጣ። «ሐኪሟ ብቻሽን እንዳትሆኚ ብላለች።»

ብርሃኑ እንዳይወጋት በሩን ገርበብ አደረገችና ከፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጥይቷ ሰደበቻት፤ ከሃዲ አለቻት፤ ከዛሬ ጀምሮ ሳሎን ነው የምተኛው አለቻት። ሚጣ ግን ከሚኒባሱ አልወረደችም።