የልብስ ሰፊዋ ሳህን

ልብስ ሰፊዋ የሞተችው ማክሰኞ ጠዋት፣ ለሕሙማን ቁርስ ሲታደል ነው። የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ጥገና ከወጣ አሥራ አንድ ቀኗ ነበር። ቁስሏ አመርቅዞ ትኩሳቱ አልወርድ ስላለ፣ በመጨረሻ ልጇን እንኳ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት። ጣቶቿ ግን እስከ መጨረሻው የአንሶላውን ጠርዝ ያጥፉ ነበር።

ሆስፒታሉ ለማዘን ጊዜ አልነበረውም፤ ጥፋተኛ መፈለግ ነበረበት። እስከ ሐሙስ የክፍሉ ነርስ ጥፋተኛ ሆና፣ የስንብት ደብዳቤዋ ተተይቦ አለቀ። የቀረው ማኅተም ብቻ ነበር።

ማኅተሙን የቀደመችው ከጤና ቢሮ የተላከች መርማሪ ናት። ባልደረቦቿ «ምስጥ» ይሏታል፤ ድምፅ ሳታሰማ ከውስጥ ስለምትበላ። መጀመሪያ ዶክተሩ ዘንድ ገባች። ስልኩን እየነካካ ነበር።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ቀና ሳይል። «የቁስሏን ናሙና ላብራቶሪ ላክን። ይህ መድኃኒት ባክቴሪያውን ይገድለዋል የሚል ውጤት መጣ። አዘዝኩ። አምስት ቀን ሙሉ ለውጥ የለም። እንግዲህ አልተሰጣትም ማለት ነው። የት እንዳደረሰችው ሲስተርን ይጠይቋት።»

«ልጅቷ እያንዳንዱን መርፌ አይቻለሁ ትላለች።»

«ሐዘንተኛ ምን ታያለች?»

«እርስዎስ በአምስቱ ቀን ስንቴ አዩዋት?»

«ሁለቴ…» ዶክተሩ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «አንዱ እንኳ በበር በኩል ነው።»

ሲስተር ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ቃሏ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«እትዬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሰጥቻታለሁ። በሦስተኛው ቀን ‹ዶክተር፣ ይሄ መድኃኒት አልሠራም፣ ይቀየር› ብዬ ነበር። ‹ከወረቀቱ ትበልጫለሽ?› አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ምን እላለሁ? ወረቀቱ ማኅተም አለው፤ እኔ የለኝም።»

የላብራቶሪው ኃላፊ መርማሪዋን የተቀበላት «የቁጠባ አርአያ» የሚል ምስክር ወረቀት ሥር ቆሞ ነው። ክፈፉ ከመስኮቱ ይበልጣል። አጠገቡ አንድ ቀጭን ባለሙያ ብልቃጥ ያጥባል።

«እንዲገባሽ በቀላሉ ላስረዳሽ፣ እህቴ» አለ ኃላፊው። «ባክቴሪያውን ሳህን ላይ ፈስሶ በረጋ በዚህ ዝልግልግ ማብቀያ ላይ እንዘራለን። መድኃኒት ያለባት ክብ ወረቀት ላዩ ላይ እናስቀምጣለን። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ዙሪያዋን ባክቴሪያ አይበቅልም፤ ጥርት ያለ ክብ ይቀራል። ሃያ ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሰፋ፣ መድኃኒቱ ይገድለዋል። የሟች ሃያ አንድ ነው። ሳህኗ ይኸው፣ ለኪ!»

ለካች። ሃያ አንድ ነበር።

«ማብቀያውን ማን ያፈሳል?»

«እኔ! የማብቀያው ዱቄት የሚቀመጥበት ሣጥን ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው። ያለ እኔ እጅ አንዲት ሳህን አትፈስም። ይሄማ» ብሎ ወደ ባለሙያው በአገጩ ጠቆመ፣ «ብፈቅድለት ሾርባ ነው የሚያደርገው። ሌላው ሃያ ሳህን በሚያወጣበት ጠርሙስ እኔ ሠላሳ አምስት አወጣለሁ።»

«ሥራችሁ ትክክል መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?»

«ጠባዩ የታወቀ፣ ክቡ ስንት መሆን እንዳለበት የምናውቀው ባክቴሪያ አለን። በየሳምንቱ በዚያው መድኃኒት እንፈትነዋለን። አንድ ቀን ስቶ አያውቅም።»

መርማሪዋ የመፈተኛውንም ሳህን ተቀበለች። ሁለቱን ወደ ብርሃኑ አዙራ በጎን በኩል አየቻቸውና ወደ ባለሙያው ዞረች።

«ከሟች ቁስል የወጣው ባክቴሪያ ተቀምጧል?»

«አዎ፣ እትዬ። ፍሪጅ ውስጥ አለ።»

«ከቢሮ ባመጣሁት ሳህን ላይ እንደገና ዝራልኝ። እኔም እዚሁ ቆሜ አያለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በላብራቶሪው ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሙ። የሟች ልጅም ነበረች፤ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ የስንብት ደብዳቤውን ይዞ ነበር።

«ሁላችሁም የክቡን ስፋት ለካችሁ» አለች መርማሪዋ። «እኔ የማብቀያውን ውፍረት ለካሁ። አራት ሚሊሜትር መሆን ነበረበት፤ የሟች ሳህን ሁለት ነው። ማብቀያው ሲሳሳ መድኃኒቱ ወደ ታች የሚሰርግበት ስለሌለው ወደ ጎን ይስፋፋል፤ ክቡም ያለ አቅሙ ይሰፋል። ያው ባክቴሪያ በትክክለኛው ሳህን ላይ ይኸውና፦ አሥራ ሰባት። መድኃኒቱ አይገድለውም። ሲስተር መርፌውን በሰዓቱ ሰጥታለች፤ ‹ይሠራል› ብሎ የዋሸው ይህ ክፍል ነው።»

«ፍሪጅ ውስጥ ደርቆ ነዋ የሳሳው!» አለ ኃላፊው።

«የመፈተኛው ሳህን በዚያው ቀን ፈስሶ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ አራት ሚሊሜትር ነው። እሱም ቢሳሳ ኖሮ የታወቀው ባክቴሪያ ክብ ከልኩ አልፎ ያጋልጥ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ለፈተናው አወፍሮ፣ ለበሽተኛው አሳስቶ ያፈስ ነበር። ሳያውቅ የሚያሳሳ ሁሉንም ያሳሳል። መርጦ የሚያሳሳ ግን ያውቃል።»

የኃላፊው ጣት ወደ ባለሙያው ተቀሰረ። «እሱ ነው ያፈሰሰው!»

«ሾርባ የሚያደርገው ሰው? ቁልፉን ከአንገትዎ ማን አወለቀው?»

ባለሙያው አንገቱን እንደ ደፋ ፈገግ አለ። ኃላፊው ሰው ሁሉ ፊት እንደነሳው ሲያይ፣ «ሁለት ሚሊሜትር እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ። «በሁለት ሚሊሜትር ሰው ይሞታል?»

«እናቴ ለሁለት ሚሊሜትር ሙሉ ቀሚስ ትፈታ ነበር» አለች ልጅቷ። «ቀሚሱ ደግሞ የሚሞት ነገር አልነበረም።»

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ቀዶ «ሲስተር፣ በሆስፒታሉ ስም…» ብሎ ጀመረ። ሲስተር ግን የለችም። ‹አሥራ ሰባት› የሚለውን እንደ ሰማች ወጥታ ነበር። ተመልሳ ስትገባ የአንድ በሽተኛ ካርድ ይዛለች፤ ይቅርታውን ሳትሰማ አልፋው ዶክተሩ ፊት ቆመች።

«አልጋ አራት፣ ሽማግሌው። ወረቀታቸው ከዚሁ ክፍል ወጥቶ ‹ይሠራል› ስላለ ትናንት ያንኑ መድኃኒት ጀምረውላቸዋል። ትኩሳቱ አልወረደም። ምርመራው እስኪደገም ሌላ ይዘዙ፤ አሁን።»

«ውጤቱን እንግዲህ አጣርተን…»

ሲስተር ብዕር ዘረጋችለት። ዶክተሩ አንዴ መርማሪዋን፣ አንዴ በሩን አየ። ከዚያ ጻፈ። ሲስተር ካርዱን ተቀብላ አነበበችና መልሳ ሰጠችው።

«መጠኑስ?» አለች።